በከተማ ጥራጊ መጣያ አጠገብ ስላለ ውኃ አመረማመር

የገጠር ሰው ከቤቱ የሚጠርገው ነገር ዐመድ፥ እበት፥ ገለባ፥ የእህል ግርድና የአትክልት ልጣጭ ነው። ይህም ከጓሮ ተጥሎ በአንድ ክረምት ይበሰብስና ለጎመንና ለጌሾ ፍግ ይሆናል፤ ስለዚህ ጥራጊ ለገበሬ የመሬት ምግብ ነው። የከተማ ጥራጊ ግን እንዲህ አይደለም። በአንድ ጭነት ውስጥ የሽንኩርት ልጣጭና የሞተ ውሻ፥ ያለቀ ባትሪና የቀለም ቆርቆሮ፥ ጊዜው ያለፈ መድኃኒት፥ የቆዳ ቍራጭ፥ ላስቲክና የተሰበረ ጠርሙስ ተቀላቅሎ ይወጣል። ይህ ሁሉ ከከተማው ዳር በአንድ ስፍራ ተከምሮ ለብዙ ዓመት ይኖራል። የክምሩም ስፍራ አብዛኛውን ጊዜ የገበሬ አገር ነው፤ ከታቹ የገበሬ ምንጭ፥ የከብት ማጠጫና የአትክልት መስኖ ይገኛል። እንግዲህ የጥራጊው ጕዳት በመጀመሪያ የሚደርሰው ጥራጊውን በጣለው ሰው ላይ ሳይሆን ከክምሩ በታች በሚኖረው ጎረቤት ላይ ነው።

ጕዳቱን ከክምሩ ወደ ጎረቤት የሚያደርሰው ውኃ ነው። ክረምት በገባ ጊዜ ዝናሙ በክምሩ ላይ ይወርዳል፤ ገሚሱ በላዩ ተንሸራትቶ ወደ ጅረት ይሄዳል፤ ገሚሱ ግን ወደ ውስጥ ይሰርጋል። የሰረገውም ውኃ በሚበሰብሰው ነገር መካከል ቀስ እያለ ሲወርድ የሚሟሟውን ሁሉ ይዞ ከክምሩ ግርጌ እንደ ጥቁር ጭማቂ ሆኖ ይወጣል። ነገሩ ቡና እንደ ማፍላት ነው። ውኃ በተወቀጠ ቡና ላይ በዋለ ጊዜ የቡናውን ቀለምና ኃይል ይዞ ይቀዳል፤ አተላው በጀበናው ይቀራል። አቦሉ ብርቱ ነው፥ ቶናው ይለዝባል፥ በረካውም ይቀጥናል። የጥራጊ ጭማቂም እንዲሁ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ብርቱ ሆኖ ቈይቶ ኋላ ይለዝባል፤ ዳሩ ግን የቡናው ሦስት ዙር በአንድ ማለዳ ሲያልቅ የጥራጊው በረካ ከ30 ዓመትም በኋላ አያልቅም። በዚህ ጭማቂ ውስጥ የሚበዛው ከበሰበሰ ምግብ የወጣው ነገር፥ ጨው፥ አሞኒያና ብረት ነው። እርሳስ፥ ካድሚየም፥ ክሮሚየምና እነዚህን የመሰሉ መርዛም ማዕድኖች መጠናቸው ጥቂት ነው፤ ነገር ግን በጥቂቱም ይጎዳሉ።

በገጸ ምድር የሚፈስሰው ውኃ ሲበላሽ ሰው ቶሎ ያውቀዋል፤ ይጠቍራል፥ ይሸታል፥ ከብትም ሳይጠጣ ይመለሳል። ወደ መሬት የሰረገው ግን የት እንደ ደረሰ የሚያይ የለም። ብዙ ሰው የከርሰ ምድር ውኃ ሲባል በመሬት ሆድ ውስጥ እንደ ወንዝ የሚፈስስ ይመስለዋል፤ እውነቱ ግን ሌላ ነው። መምህሩ አንድ ማሰሮ ጠጠር ሞልቶ ውኃ ቢያንቆረቍርበት፥ ማሰሮው ሞላ ሲባል የነበረው ገና ብዙ ውኃ ሲጠጣ ተማሪዎቹ ያያሉ። የከርሰ ምድር ውኃ ማለት እንዲህ በአሸዋ ፍሬና በጠጠር መካከል፥ በድንጋይም ስንጥቅ ውስጥ ሞልቶ ቀስ እያለ የሚንቀሳቀስ ውኃ ነው። አንሪ ዳርሲ የሚባል ፈረንሳዊ መሐንዲስ ዲዦን ለምትባል ከተማ ስለ ተሠራ የውኃ ሥራ በ1856 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ፥ ውኃ በአሸዋ ውስጥ የሚያልፍበት ፍጥነት በሁለት ነገር እንደሚወሰን አሳየ፤ አንደኛው የውኃው ቍልቍለት ነው፤ ሁለተኛውም አሸዋው ደቃቅ ወይም ሻካራ መሆኑ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የውጭ አገር ነገር ሲነገር ዘመኑ እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር፥ የኢትዮጵያ ነገር ሲነገር እንደ ኢትዮጵያ አቈጣጠር ነው።) ስለዚህ በጠንካራ ሸክላ ዐፈር ውስጥ ውኃ በዓመት አንድ ሜትር እንኳ ላይሄድ ይችላል፤ በጠጠርና በተሰነጠቀ ድንጋይ ውስጥ ግን በአንድ ቀን ብዙ ሜትር ይሄዳል። የሸዋ ደጋ አብዛኛው ከእሳተ ገሞራ የወጣ ስንጥቅ የበዛበት ድንጋይ ነው፤ በብዙ ስፍራም መረሬ ዐፈር ለብሷል። መረሬው በረጠበ ጊዜ ውኃ እንደ ልብ አያሳልፍም፤ በበጋ ሲሰነጣጠቅ ግን የመጀመሪያው ዝናም በስንጥቁ በቀጥታ ይወርዳል። መሬታችን ጥቁር ሸክላ ነውና አያሳስበንም የሚል ሰው ይህን ማሰብ አለበት።

በገጠርም በከተማም እጅግ የተለመደ አንድ ስሕተት አለ፤ ይኸውም ጥሩ ውኃን በዓይንና በምላስ መለየት ይቻላል ማለት ነው። በ1854 ዓ.ም. በለንደን ከተማ ብሮድ ስትሪት በሚባል መንገድ ላይ አንድ የሕዝብ የውኃ ጕድጓድ ነበረ። ውኃው በጣዕሙ የተመሰገነ ስለ ነበረ ከዚያ ሰፈር ወጥታ ርቃ የምትኖር አንዲት ባልቴት እንኳ እርሱን ወድዳ በጋሪ ታስመጣ ነበር። በዚያው ዓመት በነሐሴ መጨረሻ በሰፈሩ ኮሌራ ተነሥቶ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከ600 የሚበልጥ ሰው ገደለ፤ ባልቴቲቱም ከሩቅ ሆና በዚያ ውኃ ሞተች። ጆን ስኖው የሚባለው ሐኪም ቤት ለቤት እየዞረ ማን ከየት እንደ ጠጣ ጠይቆ የሞቱትን ቈጠረ፤ ክፋቱ ከጕድጓዱ እንደ ሆነም ለሰፈሩ ሹማምንት አስረዳ፤ የመቅጃውም እጀታ ተነቀለ። ከዚያ በኋላ መሬቱ ተቈፍሮ ሲመረመር ከአንድ ቤት በታች ያለ የፍሳሽ ጕድጓድ ግንቡ ፈርሶ ከውኃው ጕድጓድ አንድ ሜትር በማይሞላ ርቀት ላይ ተገኘ። በዚያም ቤት አንድ ሕፃን ከወረርሽኙ አስቀድሞ ታሞ ነበር፤ የጨርቁም እጣቢ በዚያ ፍሳሽ ውስጥ ይደፋ ነበር። ውኃው እስከ መጨረሻው ቀን ድረስ ጥሩና ቀዝቃዛ ይመስል ነበር።

ይህ ሁሉ ስለ ሆነ በጥራጊ ክምር አጠገብ ያለ ውኃ በመሣሪያ ይመረመራል እንጂ በመልክ አይፈረድለትም፥ አይፈረድበትምም። አይፈረድበትም የተባለው በከንቱ አይደለም፤ ምክንያቱም በተፈጥሮው የከፋ ውኃ አለ። በስምጥ ሸለቆ አገር ብዙ ጕድጓዶች ፍሎራይድ የሚባለው ነገር በዝቶባቸዋል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ከወሰነው 1.5 ሚሊ ግራም በሊትር ይበልጣል፤ የልጆቹም ጥርስ ይበልዛል። ይህን ያመጣው ድንጋዩ ነው እንጂ የማንም ጥራጊ አይደለም። ብረት የበዛበት ምንጭም ድንጋዩን ቀይ ዝገት ያለብሰዋል፤ ከጥራጊ ክምር የሚወጣውም ጭማቂ ነፋስ ሲያገኘው እንዲሁ ቀይ ዝገት ያስቀምጣል። ሁለቱን ዓይቶ የሚለይ ሰው የለም።

እንግዲህ መለያው መንገድ አንድ ነው፤ ራስጌን ከግርጌ ማነጻጸር ነው። ውኃው ወደ ክምሩ ከመድረሱ በፊት ባለው ስፍራ አንድ ጕድጓድ ይመረጣል ወይም ይቈፈራል፤ ይህ የራስጌ ጕድጓድ ነው። ክምሩን ካለፈ በኋላ ባለው ስፍራ ደግሞ ሌሎች ጕድጓዶች ይደረጋሉ፤ እነዚህ የግርጌ ጕድጓዶች ናቸው። የራስጌው ውኃ የአገሩን የተፈጥሮ ውኃ ይናገራል፤ በግርጌው የተጨመረው ነገር ሁሉ በመካከል የመጣ ነው። የአውሮፓ ኅብረት በ1999 ዓ.ም. ባወጣው የጥራጊ መጣያ ሕግ ከራስጌ ቢያንስ አንድ፥ ከግርጌ ቢያንስ ሁለት የከርሰ ምድር ውኃ መለኪያ ስፍራ እንዲኖር አዝዟል፤ በወንዝም ላይ ከላይና ከታች እንዲለካ ወስኗል። ከግርጌ ከአንድ በላይ ያስፈለገበት ምክንያት የተበላሸው ውኃ በሁሉ በኩል ስለማይዘረጋ ነው፤ እንደ ጢስ በአንድ አቅጣጫ ተስቦ ይሄዳል። ከዚያ መስመር ጥቂት ወደ ጎን የተቈፈረ ጕድጓድ ለዘመናት ንጹሕ ውኃ እየሰጠ ሰዎችን ሲያታልል ይኖራል።

ራስጌውና ግርጌው የት እንደ ሆነ ግን የመሬቱን ቍልቍለት አይቶ ብቻ መወሰን አይገባም። ከመሬት በታች ያለው ውኃ የራሱ ቍልቍለት አለው፤ ይህንንም ለማወቅ ሦስት ጕድጓድ ያስፈልጋል። ሒሳቡ ለአራተኛና ለአምስተኛ ክፍል ልጆች የሚከብድ አይደለም። ለምሳሌ ከአንድ የተስማሙበት ድንጋይ ተነሥቶ የሦስቱ ጕድጓዶች አፍ ከፍታ ቢለካ፥ የሀ ጕድጓድ አፍ 50 ሜትር፥ የለ ጕድጓድ 46 ሜትር፥ የሐ ጕድጓድ 47 ሜትር ይሁን። ከዚያ ጫፉ ላይ ክብደት የታሰረበት ገመድ እየወረደ ውኃው እስኪነካ ቢለካ በሀ 12 ሜትር፥ በለ 10 ሜትር፥ በሐ 9 ሜትር ይሁን። ጥልቀቱ ከአፉ ከፍታ ሲቀነስ የውኃው ከፍታ በሀ 38፥ በለ 36፥ በሐ 38 ይሆናል። ሀ እና ሐ እኩል ስለ ሆኑ ውኃው ከአንዱ ወደ ሌላው አይሄድም፤ ሁለቱን ከሚያገናኘው መስመር ተነሥቶ ወደ ለ በኩል በቀጥታ ይወርዳል። የሐና የለ ጕድጓድ አፍ በአንድ ሜትር ብቻ ሲለያይ የውኃቸው ከፍታ በሁለት ሜትር እንደ ተለያየ ልብ ይሏል። በተሰነጠቀ ድንጋይ ግን ውኃው ስንጥቁን ተከትሎ ከዚህ ሒሳብ ሊያፈነግጥ ይችላል፤ ስለዚህ በእንደዚህ ያለ አገር ከሦስት የበለጠ ጕድጓድ መለካት ይሻላል፤ ልኩም በበጋና በክረምት ይደገማል፤ የውኃው አካሄድ ከወቅት ወደ ወቅት ሊለወጥ ይችላልና።

በውኃው ውስጥ የሚፈለገው ነገር ብዙ ነው፤ ዋጋውም ከባድ ነው። ስለዚህ ባለሙያዎች አስቀድመው መልእክተኛ የሚሆነውን ይመርጣሉ። ከመልእክተኞቹ ሁሉ የታመነው ክሎራይድ ነው፤ ይኸውም የገበታ ጨው አንዱ ክፍል ነው። በከተማ ጥራጊ ውስጥ ሞልቶ ይገኛል፤ ከሸክላም ጋር አይጣበቅም፥ አይበሰብስም፤ ውኃው በሄደበት ፍጥነት ይሄዳል። እርሳስ ግን በሸክላና በዐፈር ላይ ይጣበቃልና ወደ ኋላ ይቀራል። እንግዲህ በግርጌ ጕድጓድ ውስጥ ክሎራይድ ከዓመት ወደ ዓመት እየጨመረ የሄደ እንደ ሆነ፥ በራስጌው ግን ካልጨመረ፥ ገና እርሳስ ባይታይም መንገዱ እንደ ተከፈተ ይታወቃል። ክሎራይድ ራሱ በዚህ መጠን መርዝ አይደለም፤ ከ250 ሚሊ ግራም በሊትር ገደማ ሲያልፍ ጨውነቱ በምላስ ይታወቃል፤ ምርመራው ግን ከዚያ እጅግ ቀድሞ ያየዋል። ከእርሱም ጋር ውኃው ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ ኃይሉ ይለካል፤ ጨው በበዛበት ቍጥር ይህ ኃይል ይጨምራል፤ መለኪያውም በእጅ የሚያዝ ትንሽ መሣሪያ ስለ ሆነ በጕድጓዱ አፍ ላይ ወዲያው ይነበባል። ሁለተኛው ምልክት አሞኒያ ነው። በክምሩ አጠገብ ባለው መሬት ውስጥ ነፋስ ስለሌለ ናይትሬት ይጠፋል፥ አሞኒያና የሟሟ ብረት ይበዛሉ፤ ውኃው ርቆ ነፋስ ያገኘ እንደ ሆነ አሞኒያው ወደ ናይትሬት ይለወጣል። በዚህ ምክንያት ናይትሬትን ብቻ የለካ ሰው ከክምሩ ሥር ያለውን ውኃ ከሩቁ ይልቅ ንጹሕ ነው ብሎ ሊሳሳት ይችላል።

ለመጠጥ የተወሰነው ልክ ከዚህ የተለየ ጕዳይ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ናይትሬት ከ50 ሚሊ ግራም በሊትር፥ እርሳስ ከ0.01፥ ካድሚየም ከ0.003 እንዳያልፍ ይመክራል፤ ከሰው ወይም ከእንስሳ አንጀት የመጣ መሆኑን የሚያመለክተው ኢ ኮላይ የተባለው ተሕዋሲ ደግሞ በ100 ሚሊ ሊትር ውኃ ውስጥ አንድም እንዳይገኝ ያዝዛል። እርሳስ የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል፤ ናይትሬት የበዛበት ውኃ በጡጦ ወተት የተበጠበጠለት ጨቅላ ደሙ ነፋስ መሸከም አቅቶት ከንፈሩ ይጠቍራል። በዚህ ላይ እናቶች ሁሉ ሊያውቁት የሚገባ አንድ ነገር አለ። ውኃን ማፍላት ተሕዋስያንን ይገድላል፤ ይህም እጅግ መልካም ልማድ ነው። እርሳስን፥ ናይትሬትንና ጨውን ግን አያስወጣም፤ እንዲያውም ውኃው በእንፋሎት ሲቀንስ የቀረው ከፊት ይልቅ ይጠነክራል። የፈላ ውኃ ነው ብሎ ከጥራጊ በታች ካለ ምንጭ ለሕፃን መስጠት ስለዚህ አይበቃም።

የወንዝ ምርመራ ከጕድጓድ ይቀላል፤ ራስጌውና ግርጌው በዓይን ይታያልና። ከክምሩ በላይ፥ ከክምሩ በታችና ጅረቱ ከሌላ ወንዝ ጋር ከመገናኘቱ በፊት ይቀዳል። በወንዝ ውስጥ ከሁሉ በፊት የሚፈለገው በውኃው ውስጥ የሟሟው ኦክሲጅን ነው። ንጹሕ ውኃ በ20 ዲግሪ ሙቀት በባሕር ጠረፍ 9 ሚሊ ግራም ያህል በሊትር ይይዛል፤ በአዲስ አበባ ከፍታ ግን ነፋሱ ስስ ስለ ሆነ ወደ 7 ሚሊ ግራም ነው። የበሰበሰ ነገር ሲገባበት ተሕዋስያን እርሱን ለመብላት ኦክሲጅኑን ይጨርሳሉ፤ ዓሣና ከድንጋይ ሥር የሚኖሩ ትንንሽ ነፍሳት ይሞታሉ። ወቅቱም መታሰብ አለበት። በነሐሴ ወንዙ ሞልቶ ሳለ ክፉው ነገር በብዙ ውኃ ውስጥ ይቀጥናል፤ በሚያዝያ ውኃው ሲያንስ ይጠነክራል፤ የበጋው ክምችት በታጠበበት በመጀመሪያው ዝናም ደግሞ ከሁሉ ይከፋል። በነሐሴ ብቻ ለክቶ ወንዙ ደኅና ነው የሚል መርማሪ እውነቱን ግማሽ ብቻ ተናግሯል።

ለምርመራ የሚቀዳው ውኃ፥ ማለት ናሙናው፥ በአቀዳዱ ከተበላሸ የቀረው ድካም ሁሉ ከንቱ ነው፤ ስሕተትም የሚበዛው እዚህ ላይ ነው። በጕድጓድ ቧንቧ ውስጥ ቈሞ የሰነበተ ውኃ የመሬቱን ውኃ አይመስልም፤ ስለዚህ በቧንቧው ውስጥ ያለው መጠን ሦስት እጥፍ ያህል ወጥቶ ከተደፋ በኋላ የሚመጣው ይቀዳል። ጠርሙሱ በዚያው ውኃ ሁለት ሦስት ጊዜ ይለቀለቃል፤ ለተሕዋስያን ምርመራ የተዘጋጀው ግን በሙቀት የጸዳ ስለ ሆነ አይለቀለቅም፥ አፉም በጣት አይነካም። መቅጃው ከንጹሑ ስፍራ ጀምሮ ወደ ተበላሸው ይሄዳል፤ ከግርጌ ተቀድቶ በዚያው ገመድ ከራስጌ ቢቀዳ ራስጌው በከንቱ ይከሰሳል። ለማዕድን የሚመረመረው ውኃ ማዕድኑ በጠርሙሱ ግድግዳ ላይ እንዳይጣበቅ አሲድ ይጨመርበታል፤ ይህ የባለሙያ ሥራ ነው፥ ለተማሪ አይሰጥም። ለተሕዋስያን የሚመረመረው በቅዝቃዜ ተጠብቆ ከ24 ሰዓት በፊት ላቦራቶሪ መድረስ አለበት። በጠርሙሱ ላይ ስፍራው፥ ቀኑ፥ ሰዓቱና የቀጂው ስም ይጻፋል፤ ጽሑፍ የሌለው ጠርሙስ ውኃው የማን እንደ ሆነ የማይናገር ዲዳ ምስክር ነው።

ነገሩ በኢትዮጵያ እንዴት እንደ ሆነ ለማየት የአዲስ አበባን መጣያ መመልከት ይበቃል። ሰው ቆሼ እያለ የሚጠራው፥ በረጲ ያለው የጥራጊ ክምር በ1956 ዓ.ም. ገደማ ተጀመረ። በዚያን ጊዜ ስፍራው ከከተማው ውጭ ነበረ፤ ከተማው እያደገ ሄዶ ከበበው። ሲጀመር ከሥሩ የሸክላም የላስቲክም ንጣፍ አልተደረገለትም፤ ጭማቂውም የሚሰበሰብበት ቦይ አልተሠራለትም። የዚያ አካባቢ ዝናም የሚወርደው ወደ ትንሹ አቃቂ ነው፤ ትንሹና ትልቁ አቃቂ በአባ ሳሙኤል ሐይቅ ተገናኝተው ወደ አዋሽ ይሄዳሉ። የከርሰ ምድሩም ውኃ በጠቅላላው ከእንጦጦ ጋራ ወደ ደቡብ ወደ አቃቂ ያዘነብላል፤ በአቃቂም ለከተማው የመጠጥ ውኃ የሚስቡ ጥልቅ ጕድጓዶች አሉ። በወንዞቹ ዳር ጎመን፥ ቆስጣና ሰላጣ በወንዙ ውኃ እየለማ ለከተማው ገበያ ይቀርባል፤ ከተማው የጣለው ነገር በዘንቢል ሆኖ እንዳይመለስለት ያሰጋል። ዳሩ ግን በአቃቂ ላይ የፋብሪካም፥ የቆዳ መልፊያም፥ የመጸዳጃ ቤትም ፍሳሽ ይወርድበታል፤ ስለዚህ ወንዙ ቆሽሿልና ጥፋቱ የጥራጊው ነው ማለት አይቻልም፥ የጥራጊው አይደለም ማለትም አይቻልም። ከክምሩ በላይና በታች ተለክቶ ልዩነቱ ሲታወቅ ብቻ የእያንዳንዱ ድርሻ ይለያል።

በ2008 ዓ.ም. በሰንዳፋ በኩል አዲስ መጣያ ተሠርቶ የከተማው ጥራጊ ወደዚያ መሄድ ጀመረ። የስፍራው ገበሬዎች ግን ውኃችን ተበላሸ፥ ከብቶቻችን ታመሙብን ብለው ተቃወሙ፤ መጣያውም በዚያው ዓመት ቆመና ጥራጊው ወደ ቆሼ ተመለሰ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የቆሼ ክምር ተንዶ በአጠገቡ በነበሩት ቤቶች ላይ ወደቀ፤ ከ110 የሚበልጥ ሰው ሞተ። የክምር መናድ በአንድ ሌሊት ይታያል፥ ሬሳውም ይቈጠራል፤ የውኃ መበላሸት ግን በጸጥታ ስለሚሄድ አቤት የሚለው ሰው ማስረጃ ይጠየቃል።

ማስረጃውም የሚገኘው ጥራጊው ከመምጣቱ በፊት በተለካ ውኃ ነው። በአንድ አገር መጣያ ሊሠራ በታሰበ ጊዜ ምንጩ፥ ጕድጓዱና ጅረቱ ቢያንስ አንድ ዓመት፥ በበጋም በክረምትም አስቀድሞ ካልተለካ፥ ኋላ ገበሬው ውኃዬ እንዲህ አልነበረም ሲል ሹሙ ከዱሮም እንዲሁ ነበረ ይላል፤ በሁለቱ መካከል የሚፈርድ ነገር አይኖርም። ገበሬው እውነት ይዞ ይረታል፤ ወይም ሹሙ እውነት ይዞ ይታማል። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቍጥር 513 አዲስ መጣያ ከመሠራቱ በፊት በአካባቢ ላይ የሚያመጣው ነገር እንዲጠና አዝዞ ነበር። ስለዚህ የአገር ሽማግሌዎች መጣያ በአጠገባቸው ሊሠራ ነው የሚል ወሬ በሰሙ ጊዜ ከካሳውና ከመንገዱ ነገር አስቀድመው፥ ውኃችን ተለክቷል ወይ? የተለካው ቍጥር ግልባጩ ለእኛ ይሰጠናል ወይ? ብለው መጠየቅ ይገባቸዋል። ግልባጩ በቀበሌውና በትምህርት ቤቱ ቢቀመጥ ለሁለቱም ወገን ይጠቅማል።

ላቦራቶሪ በሌለበት አገርም ቢሆን ከምርመራው ጥቂት የማይባለው በመንደር ሊሠራ ይችላል። አንድ ደብተር፥ ረጅም ገመድና ሜትር ይበቃል። በየወሩ በአንድ ቀን፥ ሰው መቅዳት ከመጀመሩ በፊት በማለዳ፥ የየጕድጓዱ ውኃ ጥልቀት ይለካል፤ የውኃው መልክና ሽታ፥ በምንጩ ድንጋይ ላይ አዲስ ዝገት ወይም ዐረፋ መታየቱ፥ ዝናም ዘንቦ እንደ ሆነ፥ በመንደሩ ተቅማጥ ወይም የከብት በሽታ ተነሥቶ እንደ ሆነ ይጻፋል። እነዚህ ነገሮች ማስረጃ አይባሉም፤ ነገር ግን ባለሙያው በመጣ ጊዜ የት ልቅዳ፥ መቼ ልቅዳ ለሚለው ጥያቄ መልስ ይሆናሉ። የማይጻፈውም ነገር አለ፤ ያልተለካ ቍጥር አይጻፍም፥ ያለፈውም ወር ቍጥር ሰነፍ ሰው እንደሚያደርገው አይደገምም። ያልተለካበት ወር ባዶ ቦታ ሆኖ ይቀራል፤ ባዶ ቦታ ከሐሰተኛ ቍጥር እጅግ ይሻላል።

የዚህ ሥራ ዘመን ግን ረጅም መሆኑን አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል። በአሜሪካ በኦክላሆማ ክፍል ኖርማን በምትባል ከተማ፥ ከሥሩ ንጣፍ የሌለው አንድ መጣያ ከ1922 እስከ 1985 ዓ.ም. ሲጣልበት ኖሮ በሸክላ ተሸፍኖ ተዘጋ። ከተዘጋ በኋላ የአገሩ የጂኦሎጂ መሥሪያ ቤት ባለሙያዎች ብዙ ትንንሽ ጕድጓዶች ቈፍረው ሲመረምሩ፥ የተበላሸው ውኃ በወንዙ ዳር ባለው አሸዋ ውስጥ ከክምሩ ከ200 ሜትር በላይ ሄዶ አገኙት። የአሜሪካ መንግሥት በ1991 ዓ.ም. ባወጣው ደንብ የከተማ ጥራጊ መጣያ ባለቤት መጣያው ከተዘጋ በኋላ 30 ዓመት ያህል ውኃውን እየመረመረ እንዲኖር አዝዟል። 30 ዓመት ማለት ዛሬ ገመዱን የሚይዘው ተማሪ የልጅ አባት ሆኖ ልጁን ወደዚያው ትምህርት ቤት እስኪያመጣ ድረስ ነው። እንግዲህ ደብተሩ የአንድ ሰው ንብረት ሊሆን አይገባም፤ በትምህርት ቤቱ ዕቃ መዝገብ ላይ ይሰፍራል፥ ግልባጩ በየዓመቱ መስከረም ላይ ለቀበሌው ይሰጣል፤ መምህሩም ወደ ሌላ ትምህርት ቤት በተዛወረ ጊዜ ገመዱንና ደብተሩን የጕድጓዶቹን ስፍራ እየዞረ ካሳየ በኋላ ለተተኪው በፊርማ ያስረክባል።